የጉሎ ዘይት፣ ሸክላ እና 3 ሺህ ቮልት፦ በኤሌክትሪክ የሚወፍር ቅባት ለእውነተኛ ማሽን ይሆናል?

የጉሎ_ፍሬ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት ማታ የሞከርኩት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ እዚህ ላራግፈው መጣሁ።

የበቆሎ ስታርች በሱፍ ዘይት በጠበጥኩ። ውፍረቱ ለብሩሽ እንደተዘጋጀ ቀለም ነው። በማንኪያ ከፍ አድርጌ በቀጭኑ ሳንቆረቁረው፣ በሌላ እጄ ፀጉሬ ላይ ያሸሁትን ፊኛ አስጠጋሁለት። የሚወርደው ክር መጀመሪያ ወደ ፊኛው ጎበጠ፤ ከዚያ መውረዱን ተወ። ከማንኪያው ጠርዝ ላይ እንደቀዘቀዘ ሰም ተንጠልጥሎ ቀረ። ፊኛውን ሳሸሸው ወዲያው ፈሳሽ ሆኖ ጠብ አለ። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ያው ነው። ዘይቱን ብቻውን ስሞክረው ግን ትንሽ ጎበጥ ከማለት በቀር አይቆምም።

ባሕርዩ ኤሌክትሮሪዮሎጂ እንደሚባል አውቃለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው። ስፔን ውስጥ የሁኤልቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጉሎ ዘይትን ከሸክላ ማዕድን ጋር አዋሕደው ይህንኑ ባሕርይ ለማሽን ቅባትነት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ከፍሬ የተጨመቀ ዘይት፣ ከመሬት የተቆፈረ ሸክላ፣ በማብሪያ ማጥፊያ የሚታዘዝ ውፍረት። ወረቀት ላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። እኔ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ ማሽን ፈትቼ አላውቅም። እስቲ ማሽን የምትፈቱትም፣ ፈሳሽ የምትለኩትም ንገሩኝ፤ ይህ ነገር ካምቢዮ ወይም ኩሽኔታ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል? «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለውስ ስም ይገባዋል?

ኩሽኔታ_ፈቺ፦
እህቴ፣ የፊኛው ነገር ደስ ይላል፤ እኔም ለልጆቼ አሳያቸዋለሁ። ግን ዕድሜዬን ኩሽኔታ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝና ግልጹን ልንገርሽ። ዘይት ውስጥ ዱቄት ገባ ማለት ለኔ ቤት አሸዋ ገባ ማለት ነው። ኩሽኔታ ስንገጥም እጃችንን ታጥበን፣ ጨርቁን ቀይረን፣ አቧራ እንዳይገባ በር ዘግተን ነው። አንቺ ደግሞ ዱቄቱን ራስሽ ልትጨምሪ ነው የምትዪኝ?

ሁለተኛ፣ ርዕስሽ ላይ 3 ሺህ ቮልት ብለሻል። ማንን ለመግደል ነው?

ፈሳሽ_ለኪ፦
ጋሼ፣ ሁለቱም ጥያቄ የተገባ ነው፤ መልሳቸውን ግን ከሥሩ ልጀምረው።

ነገሩን መጀመሪያ አጥንቶ ያወጣው ዊሊስ ዊንስሎ ነው። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1947 አገኘ፤ የታወቀውን ጽሑፉን በ1949 አሳተመ። እስከ ዛሬ «የዊንስሎ ውጤት» የሚሉ አሉ። ከሞከራቸው ዱቄቶች አንዱ ስታርች ነበር፤ ስለዚህ የጉሎ_ፍሬ፣ ከማንኪያሽ ላይ የታሪኩን መጀመሪያ ነው የደገምሽው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዘይቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። በውስጡ የተበተነው ቅንጣት ግን ቮልቴጁ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲገባ አንዱ ጎኑ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጎኑ ኔጌቲቭ ይሆናል። የአንዱ ፖዘቲቭ የጎረቤቱን ኔጌቲቭ ይስባል፤ ያኛው ሌላውን ይስባል። በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ከአንዱ ብረት እስከ ሌላው ብረት የሚደርስ ሰንሰለት ይሠራሉ። ፈሳሹን ለማንቀሳቀስ ያን ሰንሰለት መበጠስ ግድ ይሆናል። ስለዚህ «ወፈረ» ሲባል እንደ ማር ወፈረ ማለት አይደለም። የተወሰነ ኃይል እስኪያርፍበት ድረስ ጨርሶ አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ ኃይል ሲያልፍ ይፈሳል። ቱቦ ውስጥ ያለ የጥርስ ሳሙና እስክትጫኑት ዝም ብሎ እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የዚህ «እስክትጫኑት» መጠን በቮልቴጅ ይስተካከላል።

የሚያስፈልገው መስክ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊሜትር ከ1 እስከ 5 ኪሎቮልት ነው። ጋሼ ላነሱት ፍርሃት፦ ቮልቴጁ ትልቅ ቢሆንም የሚያልፈው ከረንት በጣም ትንሽ ነው፣ ዘይቱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ። ቢሆንም ኃይል ሰጪው መሣሪያ ራሱ ከረንቱ የተገደበ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለም። የጉሎ_ፍሬ፣ እባክሽ ከፊኛው ወደ ሌላ ነገር ብቻሽን እንዳትሸጋገሪ።

ሸክላው ለምን ተመረጠ ላላችሁ፦ ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው ዓይነት እጅግ ስስ ገጾች እንደ መጽሐፍ ተደራርበው የተሠራ ነው። ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ እንደ አሸዋ ጥርስ የላቸውም። ጋሼ፣ ሸክላ ቅባት ውስጥ መግባቱ ለእርስዎ ሙያም እንግዳ አይደለም። ሙቀት ስለሚችል ለጋለ ቦታ የሚመረጠው ግራሶ፣ «ቤንቶናይት» የተጻፈበት፣ የወፈረው በዚሁ በሸክላ ነው።

ኩሽኔታ_ፈቺ፦
የቤንቶናይት ግራሶን አውቀዋለሁ። አይቀልጥም፤ ለምድጃ በር ማጠፊያ ጥሩ ነው። ሸክላ መሆኑን ግን ዛሬ ሰማሁ። እሺ፣ አንድ ለአንተ።

ጥያቄ_አበዛ፦
ይቅርታ፣ ምናልባት የጅል ጥያቄ ነው። ቅባት የሚፈለገው እንዲያንሸራትት አይደል? ታዲያ እንዳይፈስ የሚያደርገውን ነገር ለምን እንፈልገዋለን? ራስን በራስ ፍሬን መያዝ አይሆንም?

ፈሳሽ_ለኪ፦
የጅል አይደለም፤ ከዚህ ክር ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ሪቻርድ ሽትሪቤክ እ.ኤ.አ. በ1902 አካባቢ የኩሽኔታን ሰበቃ ለክቶ ያሳየው ነገር አለ። ዘይቱ በጣም ከቀጠነ ወይም ማሽኑ በዝግታ ከዞረ ብረትና ብረት ይነካካል፤ ሰበቃው ይጨምራል፣ ብረቱም ይበላል። ዘይቱ በጣም ከወፈረ ደግሞ ብረቶቹ ይለያያሉ፣ ግን ማሽኑ ዘይቱን ራሱን ሲያማስል ጉልበቱን ይጨርሳል። በመሐል ላይ ሰበቃው የሚያንስበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ችግሩ፣ ጎድጓዳው በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ጭነትና በአንድ ሙቀት ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። ማሽን ደግሞ ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይግላል።

ዛሬ የምናደርገው ለክፉው ቀን የሚሆን ወፍራም ዘይት መርጦ ለደጉም ቀን እሱኑ መሸከም ነው። ተስፋው ቀጭን ዘይት ሞልቶ፣ ሲነሳና ሲቆም ብቻ በመስክ ማወፈር፣ በሩጫ ላይ መስኩን ማጥፋት ነው። የሚያስፈልገንን ውፍረት በሚያስፈልገን ሰዓት ማለት ነው። ነገሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ ሆልምበርግና ኤርዴሚር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ስሌት፣ ዓለም ከምትጠቀመው ኃይል ወደ 23 በመቶው የሚሄደው ሰበቃን ለማሸነፍና ያለቀን ዕቃ ለመተካት ነው።

ቀጭን_ሽፋን፦
እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ኩሽኔታ ነው የምሠራው። ፈሳሽ_ለኪ የተናገረው በሙሉ ልክ ነው፣ ግን የሚናገረው ስለ ሚሊሜትር ክፍተት ነው። ኩሽኔታ ውስጥ በኳሱና በሚንከባለልበት የቀለበት መንገድ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ከማይክሮሜትር በታች ነው፣ ብዙ ጊዜ የማይክሮሜትር አንድ አስረኛ ድረስ። እስቲ አስሉት። 1 ቮልት በ100 ናኖሜትር ላይ ብታሳርፉ መስኩ በሚሊሜትር 10 ኪሎቮልት ይሆናል። ለዊንስሎ ፈሳሽ የሚያስፈልገውን በእጥፍ አለፈ፣ በ1 ቮልት! በእጅ ባትሪ ውስጥ ካለች አንዲት ድንጋይ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ይከተላል። ደጉ፦ በሽፋኑ ውስጥ መስክ ለመፍጠር 3 ሺህ ቮልት አያስፈልግም፤ የጋሼ ፍርሃት እዚያ ቦታ ላይ ቀረ። ክፉው፦ በቆሎ ስታርች 15 ማይክሮሜትር ያህል ስፋት አለው። 100 ናኖሜትር ሽፋን ውስጥ አይገባም፤ ወይ ዳር ላይ ይቆለላል፣ ወይ ይደቃል። ሸክላው ገጽ ገጹ ከተለያየ ይገባል፤ ያኔ ግን የምናወራው ስለ ሰንሰለት ሳይሆን ብረቱ ላይ ስለተለጠፈ ሽፋን ነው። ኤሌክትሪክ እዚያ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው፤ የትኛው ሞለኪውል ብረቱን እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚተኛ ይወስናል።

የሚገርመው ይህ ሁለተኛው መንገድ ከዊንስሎ ይቀድማል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ፣ በኬሚካል የራሰ ወረቀት ላይ የሚንሸራተት ብረት ከረንት ሲያልፍበት ሰበቃው እንደሚቀንስ አየ። አየና ምን አደረገ? ስልክ ሠራበት። የራሰ የኖራ ሲሊንደር በእጅ እየዞረ አንዲት ምላስ ይጎትታል፤ የድምፁ ከረንት ሰበቃውን ሲያጠብቀውና ሲያላላው ምላሷ ቀጭኑን ሰሌዳ ታንቀጠቅጣለች፣ ንግግሩም በክፍሉ ሁሉ ይሰማል። ማለትም ለገበያ ከወጡት ቀደምት ስልኮች አንዱ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ሰበቃ ነበር።

ኩሽኔታ_ፈቺ፦
የኖራው ስልክ ጥሩ ጨዋታ ነው። አሁን ግን እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ከረንት ኩሽኔታ ውስጥ ገባ ሲባል ደም ሥሬ የሚቆመው በከንቱ አይደለም።

ፍጥነቱ በኢንቨርተር የሚታዘዝ የአየር ማራገቢያ ሞተር መጣልኝ። ያጓራል፤ ጩኸቱ የተቀደደ ቱቦ የሚያልፍ ንፋስ ነው የሚመስለው። ኩሽኔታውን አውጥቼ በመጋዝ ከፈልኩት። ግራሶው ጠቁሯል፣ ሽታው የተቃጠለ ፀጉር። ጠርጌ የውጪውን ቀለበት ወደ ብርሃን ሳዞረው መንገዱ በሙሉ ተሸብሽቧል። እንደ ቆርቆሮ ክዳን፣ እኩል እኩል፣ በጥፍር የሚቆጠር። ማንም አልመታው፣ ማንም ጭነት አላበዛበት። ከረንቱ በዘይቱ ሽፋን ውስጥ እየዘለለ፣ በእያንዳንዱ ዝላይ ትንሽ ነጥብ ብረት እያቀለጠ የሠራው ሥራ ነው። ሞተሩ አዲስ ነበር ማለት ይቻላል።

ታዲያ እናንተ ኩሽኔታው ላይ ቮልቴጅ በፈቃዳችን እንጫን ስትሉኝ ምን ልበል?

ቀጭን_ሽፋን፦
ጋሼ፣ እሱኑ ነው እኔም በየሳምንቱ የማየው። ኢንቨርተሩ በጣም እየፈጠነ ሲያበራና ሲያጠፋ ዘንጉ ላይ ቮልቴጅ ይጠራቀማል፤ መውጫ ሲያጣ በኩሽኔታው ሽፋን ይፈነዳል። እንዳልኩት ሽፋኑ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት ቮልት ወይም ጥቂት አስር ቮልት ይበቃዋል። በኤሌክትሪክ መኪኖች ዘንድ ይህ ዋና ራስ ምታት ሆኗል። የሴራሚክ ኳስ፣ ዘንጉን ከመሬት የሚያገናኝ ብሩሽ፣ የሚያስተላልፍ ግራሶ፣ ብዙ መድኃኒት አለው።

ስለዚህ የኔ አቋም ይኸውላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ። በኤሌክትሪክ የሚወፍር ቅባት ቦታው የሚንከባለል ኩሽኔታ አይደለም። መስክ ስትጭኑበት ወይ ሽፋኑ ይበጠሳል፣ ወይ ሽፋኑ እንዳይበጠስ መስኩን ታሳንሱትና ጥቅሙ ይጠፋል። ከዚህ ውጪ ያለውን ቦታ ነው መፈለግ ያለብን፤ ክፍተቱ ሰፊ፣ እንቅስቃሴው ዝግ ያለ፣ ብረት ከብረት የማይጨቃጨቅበት።

አረንጓዴ_መለያ፦
እስካሁን ማንም ያልነካውን የመጀመሪያውን ጥያቄ ግማሽ ልውሰድ፤ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ይገባዋል ወይ? ሥራዬ ቅባት ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መመርመር ነው።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ። «ከዕፅዋት የተሠራ» እና «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» አንድ አይደሉም። መበስበሱ በፈተና ይታወቃል። ከታወቁት አንዱ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) 301ቢ ፈተና ነው፤ ናሙናውን ከረቂቅ ሕዋሳት ጋር 28 ቀን ታስቀምጣላችሁ፣ ሕዋሳቱ ካርቦኑን በልተው የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትለካላችሁ። ሊወጣ ከሚችለው 60 በመቶው ከወጣ «በቀላሉ ይበሰብሳል» ለመባል ደረሰ። የጉሎ ዘይት እዚህ ላይ አያስቸግርም። የተሠራው ከስብ አሲድ ነው፣ ከ85 እስከ 90 በመቶው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባለው፤ ለባክቴሪያ ምግብ ነው።

ሸክላውስ? እዚህ ላይ ፈተናው ይስታል። ሸክላ ካርቦን የለውም፤ አይበሰብስም፣ ግን ቀድሞም አፈር ነው። ስለዚህ ያለ ችግር ያልፋል ብላችሁ ታስባላችሁ። ነገር ግን ተፈጥሯዊው ሞንትሞሪሎናይት ውሃ ወዳድ ነው፤ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጓጉላል። ዘይት እንዲወድ ለማድረግ ፋብሪካው ገጾቹን በኳተርነሪ አሞኒየም ጨው ያለብሳቸዋል። ይህ ጨው የጀርም መግደያ ዘመድ ነው። ለአልጌና ለትናንሽ የውሃ እንስሳት ጎጂ ከሆኑት ወገን ነው። አፈር ብላችሁ የገዛችሁት ዱቄት ካባ ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ካባው ምን እንደሆነ ጠይቁ። የጉሎ ዘይት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ከሌላው የዕፅዋት ዘይት በተለየ በእያንዳንዱ የሪሲኖሌይክ ሰንሰለት ላይ አንድ የኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ጥንድ አለው፤ ስለዚህ ሸክላውን ከነተፈጥሮው የተሻለ ሊያርሰው ይችላል። ካባው ሳያስፈልግ ከሆነ ያኔ ስሙ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመርከብ ፈቃድ፣ ትልልቅ መርከቦች ዘይት ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ለአካባቢ ተስማሚ ቅባት እንዲጠቀሙ አዘዘ፤ ቴክኒካዊ እክል ከሌለ በቀር። መመዘኛው ሦስት ነው፤ መበስበሱ፣ መርዛማነቱ ዝቅተኛ መሆኑ፣ በእንስሳት ሰውነት ውስጥ አለመከማቸቱ። ሦስቱንም ነው ማለፍ ያለበት፣ አንዱን አይደለም። እና የሚፈተነው የተቀላቀለው ነው፣ ማስታወቂያው ላይ የተሳለው ፍሬ አይደለም።

ጥያቄ_አበዛ፦
የጉሎ ፍሬ ሰው ይገድላል ሲባል እሰማለሁ። ዘይቱ እጅ ላይ ቢፈስስ?

አረንጓዴ_መለያ፦
መርዙ ሪሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ሲጨመቅ ከተረፈ ምርቱ ጋር ይቀራል። ፍሬውን አታኝክ፣ ዘይቱን ግን አትፍራ።

ኩሽኔታ_ፈቺ፦
የጉሎ ዘይት ለማሽን አዲስ አይደለም፤ ይህቺን እንኳ እኔም አውቃለሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተራቸው ከነሲሊንደሩ የሚዞር አውሮፕላኖች የሚጠጡት እሱን ነበር፤ ቤንዚን አያጥበውማ። ካስትሮል የሚለው ስምም የመጣው ከእንግሊዝኛው የጉሎ ስም ነው። ችግሩ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። አሮጌ ሞተር ስትፈቱ እንደ ቫርኒሽ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ፣ በቢላ ነው የሚነሳ። ማንም ስለዚህ አላወራም።

ፈሳሽ_ለኪ፦
ልክ ነዎት፣ ጋሼ። የዕፅዋት ዘይት ሁሉ በሽታው ይሄ ነው፤ ሞለኪውሉ ላይ ባሉት ድርብ ትስስሮች በኩል ኦክሲጅን ይገባና ያያይዛቸዋል። ጉሎ ከሱፍ ይሻላል፤ በአንድ ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ከ100 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ከባድ ነው። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ዘይቱ ሲያረጅ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱ ከረንት ያስተላልፋል፣ መስኩን ለመያዝ የሚባክነው ኃይል ያድጋል። እርጥበትም ያው ነው። ስታርች ላይ የተሠሩት የድሮዎቹ ፈሳሾች የሚሠሩት ቅንጣቱ ትንሽ ውሃ ስለያዘ ነበር፤ ሲግሉ ውሃው ይሄዳል፣ ውጤቱም አብሮ ይሄዳል። ውሃ ሳይፈልጉ የሚሠሩ ቅንጣቶች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው።

አሁን ቀጭን_ሽፋን ያለውን «ሰፊ ክፍተት» ልውሰድና በቁጥር እናየዋለን። የፍሪሲዮን ሰሌዳ አስቡ፤ ስፋቱ 100 ካሬ ሴንቲሜትር፣ አማካይ ራዲየሱ 5 ሴንቲሜትር። ከዕፅዋት ዘይትና ከተፈጥሮ ዱቄት የተሠራ ፈሳሽ መፍሰስ እስኪጀምር 1 ኪሎፓስካል፣ ማለትም በካሬ ሜትር 1 ሺህ ኒውተን፣ ይይዛል እንበል። 10 ኒውተን ይሆናል፤ በ5 ሴንቲሜትር ሲባዛ 0.5 ኒውተን ሜትር። የጠርሙስ ክዳን ለመክፈት እንኳ ከዚህ በላይ ትጠመዝዛላችሁ። መኪና አያስነሳም።

የሆንግ ኮንግ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2003 «ግዙፍ» የተባለውን ፈሳሽ ሠሩ፤ ከ100 ኪሎፓስካል በላይ፣ እስከ 130 ድረስ። በዚያው ሰሌዳ ላይ 65 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አሁን ጨዋታ ነው። ቅንጣቱ ምንድን ነው? በዩሪያ የተለበጠ የባሪየም፣ የታይታኒየምና የኦክሳሌት ናኖ ዱቄት፤ ዘይቱም አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን። አረንጓዴ_መለያ፣ ፊትሽን ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

አረንጓዴ_መለያ፦
አትጨነቅ፣ ፊቴን አሳምሬያለሁ። ባሪየም ውሃ ውስጥ በሚሟሟ መልኩ ከገባ መርዝ ነው፣ ሲሊኮን ዘይትም ለመበስበስ አይቸኩልም። ያው እንዳልኩት ነው፤ የሚፈተነው ድብልቁ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል፤ ጠንካራው አረንጓዴ አይደለም፣ አረንጓዴው ጠንካራ አይደለም። እስካሁን።

ቀጭን_ሽፋን፦
እኔ ግን 0.5 ኒውተን ሜትርን አልንቀውም። መኪና አታስነሳ፤ የሮቦት ጣት ትይዛለች፣ የሚነካ ሰው እጅ ላይ ግፊት እንዲሰማው የምታደርግ ጓንት ትሠራለች፣ ትንሽ የመለኪያ መሣሪያ እንዳይንቀጠቀጥ ታረጋጋለች። እዚያ ሁሉ ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው፣ ጭነቱ ቀላል ነው፣ ዘይቱም ታሽጎ ይቀመጣል። ሰሌዳውን አሥር ብታደርጉት ደግሞ አሥር እጥፍ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ቢሰበርና ቢፈስ የሚፈሰው ጉሎ ነው። ለትልቅ ማሽን ስናስብ ነው የምናጣው።

የጉሎ_ፍሬ፦
ይህን ሁሉ ሳነብ ሁለተኛውን ሙከራ ጀምሬ ነበር። ፈሳሽ_ለኪ እንዳዘዘኝ ፊኛ ብቻ፤ ቮልቴጅ አልነካሁም።

በሁለት እኩል ማሰሮዎች ስታርች በጠበጥኩ፣ አንዱን በሱፍ ዘይት፣ ሌላውን በጉሎ ዘይት፤ የፈሳሹ ቁመት 7 ሴንቲሜትር። የሱፉ ማሰሮ በማግስቱ ጠዋት ከላይ ጥርት ብሎ፣ ከታች እንደ ኖራ ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። ማንኪያ ሰደድኩበት፤ የታችኛው ዝቃጭ ማንኪያውን ያዘው፣ ጎትቼ ነው ያወጣሁት። የጉሎው ማሰሮ ግን ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ከላይ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው የጠራው። ስሌት አወጣሁለት፦ ጉሎ ከሱፍ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሚወፍር መዝቀጡም በዚያው ልክ ይዘገያል፤ በቀን 7 ሚሊሜትር ገደማ። ይዘገያል እንጂ አይቀርም። በአሥር ቀን ሁለቱም ያው ናቸው።

ሸክላው ከዚህ ይሻላል መሰለኝ፤ ገጾቹ ሲለያዩ እርስ በርስ ተጠላልፈው መረብ ይሠራሉ። ግን መረቡ ሲጠነክር መስኩ ሳይበራም ዘይቱ ወፍራም ነው ማለት ነው፤ ቀጭን ዘይት ሞልተን ስንፈልግ እናወፍረዋለን ያልነው ምኞት ግማሹ ሄደ። ወይ ይዘቅጣል፣ ወይ ቀድሞውኑ ግራሶ ነው። ይህን ሳላውቅ ነው እንከን የለውም ያልኩት።

ፈሳሽ_ለኪ፦
ማሰሮዎቹን ወድጃቸዋለሁ። ብዙ ሰው ፊኛው ላይ ያቆማል፤ ማሰሮው ጋ አይደርስም።

ከዱቄት መሸሽ ከፈለግሽ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፈሳሽ ክሪስታል ነው፤ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ዘንግ መሰል ስለሆኑ መስኩ ወደ አንድ አቅጣጫ ያሰልፋቸዋል፣ ውፍረቱም እንደ አሰላለፋቸው ይለያያል። የሚዘቅጥ ነገር የለም፤ ለውጡ ግን እጥፍ እጥፍ እንጂ እንደ ሰንሰለቱ ከፈሳሽ ወደ ጠጣር አይደለም። ሌላው አዮኒክ ፈሳሽ ነው፤ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ ጨው። ቀጭን_ሽፋን የነገረን፣ ብረቱ ላይ የትኛው ሞለኪውል እንደሚተኛ በ1 ቮልት መወሰን፣ የሚቻለው በሱ ነው። ከኮሊንና ከአሚኖ አሲድ የሚሠሩም አሉ፣ ፍሎሪን የሌላቸው። ግን «አዮኒክ ፈሳሽ አረንጓዴ ነው» ብሎ በጅምላ የሚናገር ሰው ካጋጠመሽ አረንጓዴ_መለያን ጥሪያት።

ኩሽኔታ_ፈቺ፦
እሺ ልጆቼ፣ አራት ቀን ሙሉ አነበብኳችሁ። ሸክላው አሸዋ እንዳልሆነ አሳመናችሁኝ። ቮልቴጁ እንደማይገድል አሳመናችሁኝ፣ ግማሽ በግማሽ። ኩሽኔታ ውስጥ እንደማይገባ ደግሞ እናንተው አሳመናችሁኝ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስጠብቅ ነበር፣ ማንም አላነሳውም። ዘይት የሚዞርበት ማሽን ሁሉ የዘይት ማጣሪያ አለው። የማጣሪያው ሥራ ዱቄት መያዝ ነው። 15 ማይክሮሜትር ስታርች ብላችኋል፤ እኔ የማስገባው ማጣሪያ እሱን እየለቀመ ነው የሚኖር። በሁለተኛው ቀን ማሽኑ ውስጥ ንጹሕ የጉሎ ዘይት፣ ማጣሪያው ውስጥ ደግሞ የእናንተ ምርምር በሙሉ። ያኔ መስኩን ብታበሩት ማንን ነው የሚያወፍረው?

ፈሳሽ_ለኪ፦
...

ማጣሪያውን አላሰብኩትም።

ቀጭን_ሽፋን፦
እኔም። ታሽጎ የሚቀመጠው ላይ ማጣሪያ የለም ብዬ ልከራከር ነበር፤ ግን ታሽጎ የሚቀመጥ ነገር ውስጥ ብረት ቢፋቅ ፍቅፋቂውን ማን ያወጣዋል? መስኩ እሱንም ነው የሚያሰልፈው፤ ብረት ሰንሰለት ሠራ ማለት ደግሞ ሾርት ነው።

የጉሎ_ፍሬ፦
ጋሼ፣ ነገ አንድ ያገለገለ ማጣሪያ ልለምንዎት ነው። በሁለቱም ማሰሮ አሳልፌ ምን ያህሉ እንደሚቀር እመዝናለሁ። ሸክላውንም እጨምራለሁ፤ ገጾቹ ከተለያዩ ያልፋሉ ብዬ እገምታለሁ።

ኩሽኔታ_ፈቺ፦
ያገለገለ አይሆንም፣ የሌላ ቆሻሻ አለበት፣ ሚዛንሽን ያበላሽብሻል። አዲስ እሰጥሻለሁ። መጀመሪያ ባዶውን መዝኚ፣ ከዚያ በንጹሕ ዘይት አርሰሽ መዝኚ፣ ከዚያ በኋላ ነው ድብልቁን የምታሳልፊ።